አራተኛው ምት

አርብ ረፋድ ላይ፣ አሥራ አንድ አገሮች ዘፋኞቻቸውን ለዘፈን ውድድር ልምምድ ባሰለፉበት ትልቅ አዳራሽ፣ ሬዲዮ መድረኩ መሀል ቆማ የገዛ ዘፈኗን ማወቅ አቃታት።

ሬዲዮ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሴቶች የሰጧት ነው፤ ጠዋት ሽርጧን ካሰረችበት ደቂቃ ጀምሮ እስክትፈታው ድረስ አፏ ዘፈን አያጣም። ራስ ምታት የያዛት ካለች «እስቲ ይቺን ሬዲዮ ዝጉልኝ» ትላለች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ያችው ሴት «ምነው ዝም አልሽ?» ብላ ትጠይቃታለች። አሁን ያቺ ሬዲዮ በአውሮፕላን ተሳፍራ ጎረቤት አገር ድረስ መጥታለች፤ የአገሯን ስም የያዘ ካርድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚመጣላትን አጃቢ ሙዚቃ እየሰማች ግራ ተጋብታለች።

ሙዚቃውስ ያምራል። ቫዮሊኑ ለስላሳ ነው፣ ከበሮው ጨዋ ነው። ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይልና፣ አራተኛው ላይ እሷ ትንፋሿን ይዛ እግሯን ስታነሳ፣ እሱ ቸኩሎ ዙሩን ዘግቶ ወደ አንድ ይመለሳል። ድምጿ ከኋላ ቀረ። ከመጀመሪያው አስጀመሩላት፤ አሁንም ቀረ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ከመድረኩ ጀርባ የሚጠብቁት የሌላ አገር ልጆች አንገታቸውን ማስገግ ጀመሩ።

የመድረኩ አስተባባሪ በአስተርጓሚ በኩል «ችግር አለ ወይ?» ብሎ በትህትና ጠየቃት።

«ችግር የለም» አለች። «ይሄ ግን የኔ ዘፈን አይደለም።»

ዓይኗን ወደ ወንበሮቹ ላከች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቀናባሪው ተቀምጧል። አምስት ወር ሙሉ ዓይኑን ከሷ መንቀል አቅቶት ሰው መሳቂያ ያደረገው ያ ሰው፣ አሁን ጫማውን እያየ ነው። ያን ጊዜ ገባት። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ከመድረኩ ወረደች።

* * *

ነገሩ ለማያውቅ ሰው፣ የሆስፒታል አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሰፊ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆምና ይጀምራል። ያዝ፣ ሳብ፣ አራግፍ፣ ቅረብ፣ ግጠም። ምቱ አምስት ነው። በሬዲዮ አገር በሆስፒታልም በሆቴልም በወታደር ሰፈርም አንሶላ የሚታጠፈው በዚሁ ነው፤ ሴቶቹም ሲያጥፉ የሚዘፍኑት በዚሁ ነው። አራተኛው ላይ፣ ቅረብ ላይ፣ ማንም አይዘፍንም። አፍ ይዘጋል፣ እግር ብቻ ይሰማል። አምስተኛው ላይ እጅ ለእጅ ይገናኛል፣ ድምፁም አብሮ ይመለሳል።

አቀናባሪው ይህን ዜማ የሰማው እናቱ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን አድርገው ተኝተው ሊጠይቃቸው በመጣበት ሳምንት ነበር። ድምፁን ተከትሎ በከራቫቱ፣ በሱፉ፣ ምድር ቤት ወረደ። እንፋሎቱ መነጽሩን ሸፈነውና በሩ ላይ ታውሮ ቆመ። የሬዲዮ አክስት የማጠፊያው ጠረጴዛ አለቃ ናት፤ እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ሥራ ፈቶ የቆመ ሰው አትወድም።

«ቆመህ ከምታይ ጫፍ ያዝ» አለችው።

ያዘ። አራተኛው ላይ ግን እንደ ሐውልት ቆመ፣ ሬዲዮ ብቻዋን መጣች፣ አንሶላው መሬት ወደቀ። ሴቶቹ እሱን እያነሱ ሳምንቱን ሙሉ ሳቁ። እሱ ግን በማግስቱም መጣ። አክስቷ «ፒያኖ» የሚል ስም አወጣችለት። እናቱ ከሆስፒታል ወጥተውም ፒያኖ መምጣቱን አልተወም፤ መምጣት በማይችልበት ቀን ደግሞ በኖታ ወረቀት ላይ ደብዳቤ ይጽፍላታል፣ መስመሮቹ መሀል ለሙዚቃው የተተወውን ቦታ ሁሉ በቃል ሞልቶ። ሬዲዮ ደብዳቤዎቹን የምታነበው ማድረቂያው ማሽን ጎን ቆማ ነው። ፊቷ ለምን እንደቀላ ሲጠይቋት «ሙቀቱ ነው» ትላለች። ማንም አያምናትም።

እናቱ የዋዛ ሰው አይደሉም። የአገሪቱ ቴሌቪዥን ማሠራጫ ድርጅት የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ለውድድሩ ዘፈን መርጠው የሚልኩትም፣ የልዑካን ቡድኑን የሚመሩትም እሳቸው። ልጃቸው ከማጠቢያ ክፍሉ ዜማ አቀናብሮ ሬዲዮ የዘፈነችውን ዘፈን ሰምተው ዕለቱኑ መረጡት። ልጅቷን ደግሞ «ድምፅሽ ወርቅ ነው፣ ልጄ» አሏት፤ እጇን ግን ጨበጥ አድርገው ቶሎ ለቀቁት። የእጅ ነገር ለሬዲዮ አይሰወርም። ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ከእጅ ጋር ነውና።

የአገሩም ነገር እንደዚያው ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ጨበጥ አድርጎ ይለቀዋል። ሰሜኖቹ ጎረቤቶች «እናንተ የደቡብ ናችሁ» ይላሉ፣ ደቡቦቹ «ኧረ እናንተስ የሰሜን ናችሁ» ይላሉ። በየዓመቱ በዚህ ውድድር አንድ ጊዜ የሰሜኑን፣ አንድ ጊዜ የደቡቡን ምትና ቋንቋ ተውሰው ሲቀርቡ ኖሩ። አምና መጨረሻ ወጡ። የጎረቤት አገር የቴሌቪዥን አስተዋዋቂ በቀጥታ ሥርጭት «እነዚህ ደግሞ የኛኑ ዘፈን መልሰው ለኛ አመጡልን» ብሎ ሳቀ። የአምናው ዘፈን አቀናባሪ ፒያኖ ነበር። ያቺ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣችም።

* * *

ልብስ በተንጠለጠለበት የጀርባ መተላለፊያ ውስጥ አገኘችው።

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ» አለ። አላቅማማም፤ ትንሽ ቢያቅማማ ይሻላት ነበር።

«እናትህ አዘውህ ነው?»

«እማዬ አታውቅም። ሙዚቃውን ለውድድሩ በላክንበት ዕለት ጠዋት፣ ስቱዲዮ ብቻዬን ገብቼ ነው ያስተካከልኩት።»

«ያስተካከልኩት» አለች ሬዲዮ፣ ቃሉን ደግማ።

«ስሚኝ እስቲ። አምና ሲስቁብን እዚያው አዳራሽ ተቀምጬ ነበር። እኔ ላይ ሲስቁ ቻልኩት። አንቺ ላይ ሲስቁ ግን ቆሜ ማየት አልችልም። እነዚህ ሰዎች በአምስት ማጨብጨብ አያውቁም። አዳራሹ ሲደናበር ጥፋቱ ያንቺ ይመስላቸዋል። አራተኛው ላይ ደግሞ ቃል የለም፣ ዜማ የለም፣ ባዶ ነው። ባዶውን ባወጣው ማን ይጎዳል ብዬ ነው።»

«ባዶ ነው?»

ዓይኑን ወደ ተንጠለጠሉት ልብሶች አሸሸ።

«አራተኛው ምንድን ነው? በል እንጂ፤ አክስቴ እየጮኸች አስተምራሃለች።»

«ቅረብ» አለ ቀስ ብሎ።

«ቅረብ። አንተ ካንዱ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ጫፍ ተነስተን የምንመጣበት ነው። ሰው ወደ ሰው ሲሄድ አይለፈልፍም፣ ለዚያ ነው ዝም የምንለው። አንተ እሷን ቆርጠህ ጥለህ እጃችንን ልታጋጥም ፈለግክ። ሳይቀራረብ የሚገናኝ እጅ አይተህ ታውቃለህ?»

«ስለምወድሽ ነው ያደረግኩት።»

«የምትወደኝ ታርሜ ከሆነ አልፈልገውም።» አንድ እርምጃ ወደሱ ቀረበች። «አምና የሳቁብን የሰው ይዘን ስለመጣን ነው። ዘንድሮ የራሳችንን ብንይዝ አንተ አፈርክበት። ያፈርከው በዘፈኑ ነው? በኔ ነው? ወይስ ጣታቸውን ሳሙና በበላው በነዚያ ሴቶች?»

መልስ ፈለገ። ከዚያ ዓይኑን መልሶ ጫማው ላይ ጣለ። ሬዲዮ የጠበቀችው «በማንም አላፈርኩም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ውሸት መናገር የማይችል ሰው መውደድ ጉዳቱ ይሄ ነው።

«እስከ እሁድ ዓይንህን እንዳላይ» ብላው ሄደች። ከኋላዋ እንዳይጠራት እየለመነች፣ ቢጠራት ግን እንደምትዞር እያወቀች። አልጠራትም።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት በሆቴል ክፍላቸው በር ሥር ፖስታ ገባ። አክስቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የገዛ ፀጉሯን እየሠራች ነው። አክስትየው የመጣችው አጃቢ ተብላ ነው፤ «ልጄን ለብቻዋ ከፒያኖ ጋር ባሕር ማዶ አልልክም» ብላ የሙዚቃ ክፍሉን በር ይዛ ስለቆመች ቲኬት ተቆረጠላት።

«አትከፍቺውም?» አለች አክስቷ።

«አልከፍተውም።»

«የፒያኖ ጽሑፍ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ እንኳ መነጽሬን አላመጣሁም እንጂ…»

«አክስቴ፣ ተይኝ በናትሽ።»

አክስቷ ተወቻት። ሬዲዮ ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። መሳቢያውን ዘጋችው፣ ሄዳ መስኮቱ ጋ ቆመች፣ ተመልሳ መጥታ መሳቢያው በደንብ መዘጋቱን አየች። ይቅርታ እንደሚሆን ገምታለች። ይቅርታውን ካነበበች ደግሞ እንደምትረታ ታውቃለች፤ ነገ ያንን የተቆረጠ ዘፈን በፈገግታ ዘፍና እንደምትመለስ፣ የማጠቢያ ክፍሉ ሴቶችም ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስበው እርስ በርስ እንደሚተያዩ። በሷ የኮሩ ሴቶች ናቸው። 

አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። የፒያኖ እናት ናቸው፤ ሱፍ ለብሰዋል፣ የቡድን መሪነት ካርዳቸው ደረታቸው ላይ ነው።

«ደብዳቤውን አነበብሽው?»

«አላነበብኩትም።»

ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ገለጡ። «እኔም አላነበብኩትም፤ ላነበው አምሮኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ውስጡ ምን ወረቀት እንዳለ ግን ነግሮኛል። ስድስት ሰዓት ላይ የውድድሩ ቢሮ ይዘጋል። ክፈቺው።»

ከፈተችው። እንደ ወትሮው የኖታ ወረቀት ነበር፤ የዛሬው ጽሑፍ ግን የሰነፍ ተማሪ ይመስል ተጣሟል።

«በማን እንዳፈርኩ ጠይቀሽኝ ነበር። ትናንት መልስ ያልሰጠሁሽ መልሱ ስላሳፈረኝ ነው። በራሴ ነው ያፈርኩት፤ ግን በራሴ ያፈርኩትን እናንተ ላይ ደፋሁት። ከሄድሽ በኋላ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ዘፈኑን እያዜምኩ ተራመድኩት። አራተኛውን ስተወው እግሬ የሚሄድበት አጣ። ባዶ ነው ያልኩት ለካ የማልሰማው ነገር ስለሆነ ነው። የተላከውን ሙዚቃ መቀየር አይፈቀድም፤ ማውጣት ግን ይፈቀዳል። ያለ አጃቢ ሙዚቃ፣ ከስድስት ባልበለጠ ሰው መቅረብ ይቻላል። ሙዚቃውን ለማውጣት የሚሞላው ቅጽ ላይ እኔ ፈርሜያለሁ። ያንቺ ፊርማ ያስፈልገዋል። ባትፈርሚም አልቀየምሽም። ፈርመሽም እኔን ባትፈልጊኝ፣ ዘፈኑ ይኑር።»

«ቅጹ ላይ ከፈረምሽ የሱ ስም ከመዝገቡ ይወጣል» አሉ እናቱ። «አቀናባሪ በሚለው ቦታ ምንም አይጻፍም። ስሙ በዚህ ውድድር በበጎ የሚነሳበትን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቀ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ሬዲዮ ቀና ብላ አየቻቸው። «ታዲያ እርስዎ እንድፈርም ነው የመጡት ወይስ እንዳልፈርም?»

ሴትዮዋ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። «በወጣትነቴ እዚሁ ውድድር ላይ ዘፍኛለሁ። ልጄ እንኳ በደንብ አያውቅም። በጎረቤት ቋንቋ፣ በጎረቤት ምት፣ በጎረቤት ፀጉር አሠራር። አንድም ሰው አልሳቀብኝም። ስድስተኛ ወጣሁ። በማግስቱ ሆቴሉ ቁርስ ላይ ከጎኔ የተቀመጠች የሌላ አገር ዘፋኝ ‹አንቺ ደግሞ የየት አገር ነሽ?› አለችኝ። መድረክ ላይ አብራኝ ቆማ ነበር እኮ።» ካርዳቸውን በጣታቸው አስተካከሉ። «ሳቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፈርሚ፣ ልጄ።»

ሬዲዮ ፈረመች። ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብለው ቆሙና በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ስለ ዘፈኑ ወስኛለሁ። ስለ ሁለታችሁ ግን ገና አልወሰንኩም።»

«እኛም አልወሰንንም» አለች አክስቷ ከአልጋው ላይ፣ ማበጠሪያዋን ሳታወርድ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። የሙዚቃ ክፍል ኃላፊዋ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ታየ። አሳንሰር አልጠበቁም፤ ተረከዛቸው ደረጃውን ሲወርድ እስከ ታች ይሰማ ነበር። ሬዲዮ ደብዳቤውን እንደገና አነበበች። «በራሴ ነው ያፈርኩት» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ከትናንት ጀምሮ ያልመጣው እንባ መጣ።

* * *

አክስቷ ምሳ እንኳን አልበላችም። የሆቴሉን ምድር ቤት ጠይቃ ወረደች፤ ቋንቋውን አታውቅም፣ ግን የማጠቢያ ክፍል ሽታ በየትም አገር አንድ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስት አንሶላ ተሸክማ፣ ሁለት የሆቴሉን ሠራተኞች አስከትላ ተመለሰች።

«በሦስት ነው የሚያጥፉት» ብላ እንደ ትልቅ ምስጢር ሹክ አለች። «መሀል ላይ አንዷ ለሌላዋ ትወረውርላታለች፣ አለቀ። ንጽሕናቸው ግን አይታማም።»

መድረኩ ላይ በሙዚቃው ፋንታ አንሶላ እያጠፉ ሊያጅቧት፣ የመኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር ለልምምድ ተሰበሰቡ። ስድስት ሰው፣ ሦስት አንሶላ። የቡድኑ ሹፌርና የፊት ቀቢዋ አንድ ጥንድ ሆኑ። ሁለተኛው ጥንድ ላይ ሰው ጎደለ። ኃላፊዋ ኮታቸውን አውልቀው የመኪና ጣሪያ ላይ አኖሩና፣ የአንሶላውን ጫፍ ከሬዲዮ አክስት ፊት ለፊት ያዙ።

«ጠበቅ አድርገው ይያዙት እንጂ፣ ይሄ መሀረብ አይደለም» አለች አክስት።

«ይዣለሁ» አሉ ኃላፊዋ። እውነትም ያዙ።

ፒያኖ ራቅ ብሎ ቆሟል። እስከ እሁድ ዓይንህን አልይ ተብሏል፤ ገና ቅዳሜ ነው። አክስት «ፒያኖ፣ ምን ይገትርሃል? ና ጫፍ ያዝ» ብትለውም አልተንቀሳቀሰም። ሬዲዮን አየ። ሬዲዮ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ለሱ ዘረጋች።

«ስምህ ወጣ አይደል?» አለችው ሲቀበላት።

«ወጣ።»

«አሁን ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው?»

«ይቅርታውን ጽፌዋለሁ። አሁን የመጣሁት ልማር ነው።»

ያዝ፣ ሳብ፣ አራግፍ። ከዚያ ዝም ብሎ መጣ። ዓይኑ ከዓይኗ አልወረደም፤ እጁ እጇን ሲነካ ቀዝቅዞ ነበር። አንሶላው አልወደቀም። ሃያ ጊዜ ደጋገሙት፤ ሃያውንም ጊዜ መጣ። ሬዲዮ ግን ልቧ አላረፈም። ዛሬ የሚመጣው ስላጠፋ ነው። ሰው ሁሉ በሚያይበት፣ ሰው በሚስቅበት ቦታስ? ይህን የሚያውቅ ቀኑ ብቻ ነው፤ እሷም ፈራችው።

* * *

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥርጭቱ ተጀመረ። ተራቸው ሰባተኛ ነበር። አስተዋዋቂው «ያለ ሙዚቃ» ሲል አዳራሹ አጉረመረመ። ስድስቱ ሰዎች በሥራ ልብስ ወጡ፣ ኃላፊዋም ጭምር፣ በሰማያዊ ሽርጥ። ሦስቱ አንሶላዎች ተዘረጉ። ሬዲዮ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ጫፉን ያዝልኝ፣ እኔም ይዣለሁ፤
አንተ ከመጣህ፣ እኔም እመጣለሁ።»

ሦስተኛው ላይ ሦስቱ አንሶላ አንድ ላይ ተራገፈና ድምፁ አዳራሹን መታው። ሰዉ ወደደው፣ ማጨብጨብ ጀመረ፤ በለመደው በአራት። ጭብጨባው ከዘፈኑ ቀደመ፣ ተመለሰ፣ ተደናበረ። ከፊት ረድፍ ሳቅ ተሰማ። ሌላም ተከተለ።

ሬዲዮ ፒያኖን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። ሳቁን ሰምቶታል፤ የሚያውቀው ሳቅ ነው። ጭብጨባው እየጎተተው ነበር፣ አንድ እርምጃ ብቻ ቢያፈጥን አዳራሹ ይስተካከልለታል፣ ሳቁም ይቆማል። እሷ እየዘፈነች «እንዳታደርገው» ማለት አትችልም። ያዝ። ሳብ። አራግፍ።

አፉን ዘጋ። ጭብጨባው ሲሮጥ እሱ አልሮጠም። እግሩን እንደሚገባው አንስቶ፣ እንደሚገባው አሳርፎ፣ ወደሷ መጣ። ከጎናቸው አክስቷና እናቱ መጡ፤ ሹፌሩና ፊት ቀቢዋ መጡ። እጆች ተገናኙ። የሬዲዮ ድምፅ ከዚያች ዝምታ ውስጥ ሲወጣ ሰፍቶ ወጣ፤ ራሷም እንደዚያ ዘፍና አታውቅም።

በሁለተኛው ስንኝ ላይ ጭብጨባው ቆመ። ሰዉ ማዳመጥ ጀመረ። በሦስተኛው ላይ ከአዳራሹ ጀርባ ጥቂት እጆች በአምስት ተነሱ፤ የሆቴሉ ማጠቢያ ክፍል ሴቶች ነበሩ፣ ትናንት ሲማሩት ውለዋል። ከነሱ አጠገብ ያሉት ተቀበሉ። ሦስት ጊዜ አጨብጭበው አራተኛው ላይ ዝም፣ አምስተኛው ላይ ደግሞ ጭብ። አራት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ሲል እንዴት እንደሚሰማ ሬዲዮ ያን ዕለት አወቀች። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሰማው የስድስት ሰው እግር ብቻ ነበር፣ የአገሯ ሰው እግር። የሰሜንም አይደለም፣ የደቡብም አይደለም። ማንም የየት ናችሁ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ደረቷ በኩራት ሞልቶ የመጨረሻውን ስንኝ የዘፈነችው እያለቀሰች ነው፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም።

* * *

ሦስተኛ ወጡ። አገራቸው እስከዚያ ቀን ከአምስተኛ በላይ ወጥታ አታውቅም።

«ሁለቱ ደግሞ እነማን ናቸው?» አለች አክስት፣ በምር ተቆጥታ። ኃላፊዋ ትከሻዋን አቀፏት። ሽርጣቸውን ገና አላወለቁም።

ከመድረኩ ጀርባ ያለው ክፍል በአበባና በካሜራ ተጨናንቋል። ሬዲዮ ከልብስ መስቀያው ኋላ፣ ከሰው ተከልላ፣ መስታወት ፊት ተቀምጣ ፊቷን እየጠረገች ነው። ከመስቀያው ወዲያ ፒያኖ ብቻውን ቆሟል፤ እሷ እዚያ እንዳለች አያውቅም።

አንደኛ የወጣው የሰሜኑ ዘፋኝ አስተርጓሚውን ይዞ ወደሱ ሲመጣ ሰማች። ያ ሰው በአካባቢው አገሮች ሁሉ ስሙ የገነነ ነው፤ ኳስ ሜዳ ሙሉ ሰው ይሰበሰብለታል። ዘፈኑን እንደወደደው ነገረው። በዓመቱ መጨረሻ በስድስት አገሮች እየዞረ ኮንሰርት እንደሚያቀርብ፣ ይህን ዘፈን ከልጅቷ ጋር በጋራ መዝፈን እንደሚፈልግ፣ ቅንብሩንም ፒያኖ ራሱ ይሥራው ብሎ እንደሚያስብ፣ የፒያኖ ስምም በፖስተሩ ላይ እንደሚወጣ ነገረው።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ አስተርጓሚው። «የሱ ባንድ በአራት ነው የለመደው። ያቺን መሀል ላይ ያለችውን ባዶ ቦታ ብታወጡለት ይላል። ለሕዝቡም ይቀላል።»

ሬዲዮ ጨርቁ እጇ ላይ ቀረ። ፒያኖ ሕይወቱን ሙሉ የጠበቀው ቃል ይህ እንደሆነ ታውቃለች። ተነስታ ብትታይ እንደሚያፍር፣ ካፈረም ለሷ ሲል ግብዣውን እንደሚመልስ ታውቃለች። አልተነሳችም። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች።

«አይሆንም» አለ ፒያኖ።

አስተርጓሚው ያልገባው መስሎት እንደገና ሊያስረዳው ጀመረ።

«ገብቶኛል» አለ ፒያኖ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ግብዣው ትልቅ ክብር ነው፣ አመስግንልኝ። ቦታዋ ግን ባዶ አይደለችም። በኛ አገር ሁለት ሰው አንዱ ወደ አንዱ የሚመጣው እሷ ላይ ነው። እሷ ከወጣች የኛ ዘፈን አይሆንም። ባንዱ አምስት መማር ከፈለገ ግን አስተማሪዋ ያቺው ድምፃዊት ናት፤ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። የማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ናት፣ ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም።»

በመስታወቱ ውስጥ የገዛ ፊቷን አየችው። ግማሹ ተጠርጓል፣ ግማሹ ገና ቀለም ነው፤ ቢሆንም እንደዚያ ያማረባትን ቀን አታስታውስም። ቀኑን ሙሉ በአገሯ ኮርታ ውላ ነበር። አሁን በአንድ ሰው ኮራች፣ የሷ በሆነ ሰው።